ለቅሶ የተነፈገው ሐዘን

ጡቷን በቀዶ ጥገና ያጣች ሴት ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ስትገባ ምን እንደምትሰማ የታወቀ ነው። ጎረቤት ይለዋል፣ የባሏ እናት ትለዋለች፣ የንስሐ አባት ይሉታል፣ ከውጭ አገር የደወለች የአክስት ልጅም ትደግመዋለች፦ «ዋናው ነፍስሽ መትረፉ ነው፤ ተመስገን በይ!»

ይህ አባባል ክፋት የለበትም። የሚወጣው ከፍቅር ነው። የሚሠራው ሥራ ግን ክፉ ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ብትናገር ምስጋና ቢስ ልትባል ነው፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። ጠያቂው ቡናውን ጠጥቶ፣ «በርቺ» ብሎ ይሄዳል። እሷ ማታ ልብሷን የምታወልቀው መብራት አጥፍታ ነው።

ሙግቴ ከዚህ አባባል ጋር ነው። ቤት ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ እንደ ወግ ባለፍኩት። ግን ሆስፒታልም ውስጥ አለ፣ በጤና ዕቅዶቻችን ውስጥም አለ፣ በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ በምናስረው ሮዝ ሪባን ውስጥም አለ። የጡት ካንሰር ሕክምናችን የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፦ ነፍስ ከተረፈ ሥራው አልቋል። አላለቀም። ጡቷን ያጣችን ሴት ሐዘኗን መጠየቅ፣ ቁጭ ብሎ መስማት፣ ሲከብድም ማከም የሕክምናው አካል ነው። የደግ ሰው ትሩፋት አይደለም። ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰብ ቅንጦትም አይደለም።

ማልቀስ የሚያውቅ አገር

እኛ ማዘን የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን ኖሮ ነገሩ በገባኝ ነበር። ግን ሐዘንን እንደኛ በሥርዓት የያዘ ማን አለ? ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ እድር ወንበርና ድስት ያወጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ልጇን የቀበረች እናት ዘንድ በመጀመሪያው ቀን ገብቶ «ሌሎች ልጆች አሉሽ፣ ተመስገን በይ» የሚል ሰው ቢገኝ ከድንኳኑ ይባረራል። ለእንባ ጊዜ እንሰጠዋለን፤ «ይውጣላት» እንላለን።

መርዶን ደግሞ አስቡት። የሞት ዜና በዘፈቀደ አይነገርም። የቅርብ ዘመዶችና ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ሊነጋጋ ሲል ይሄዳሉ፤ ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል፤ ሲነገረው ደግፎ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ይህን ሥርዓት ያወጡት እናቶችና አባቶች የሥነ ልቦና ትምህርት አልተማሩም። ክፉ ዜና ራሱ ሰውን እንደሚጥል ግን ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ሆስፒታል እንምጣ። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሌላ ታካሚ ከኋላዋ ቆሞ፣ ካርዷን በእጇ እንደያዘች «ጡትሽ መነሳት አለበት» ትባላለች። ወይም ደግሞ እሷ ራሷ አትባልም፤ ባሏ ወይም ወንድሟ ወደ ኮሪደር ተጠርቶ ይነገረዋል። እሱም ልቡ ስለማይችል «ትንሽ እብጠት ናት፣ ትወጣለች» ብሎ ያስገባታል። ከማደንዘዣው ስትነቃ ፋሻውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ ነው መርዶዋን የምታገኘው። ይህ በሁሉም ቦታ ሁሌም ይሆናል አልልም። በር ዘግተው፣ ወንበር ስበው የሚያስረዱ ሐኪሞች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ነገሩ በሐኪሙ ባሕርይና በዕለቱ ወረፋ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዕድል የቀናት ትሰማለች፤ ያልቀናት ትዳስሳለች።

ከዚያ ኬሞ ይመጣል፤ ጠጉር ይረግፋል። በአገራችን ራሷን የተላጨች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ሐዘንተኛ መሆኗን ሁሉ ያውቃል። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ እናት በደግነት ጠጋ ብለው «ማን ሞተብሽ ልጄ?» ይሏታል። ምን ብላ ትመልስ? የሞተባት ሰው የለም። የሐዘን ምልክቱ ሁሉ በራሷ ላይ አለ፤ ድንኳኑና ለቃሹ ብቻ ነው የጎደለው።

«ኧረ ሥጋ ነው፤ ምን አላት ሥጋ?» የሚሏትም አሉ። ቋንቋችን ግን እንዲህ አይልም። ውለታ የካደን ሰው «ጡት ነካሽ» እንለዋለን፤ ከዚህ የከፋ ስድብ ብዙ የለንም። በደም የማይገናኙ ሰዎች ሲዛመዱ «የጡት ልጅ»፣ «የጡት አባት» ይባባሉ ነበር። ሕፃኑ ከእናቱ መለየት ሲጀምር «ጡት ጣለ» እንላለን። ይህ አንድ ቃል እናትነትን፣ ታማኝነትንና ዝምድናን ተሸክሞ ከኖረ በኋላ፣ ከሴቲቱ አካል ላይ ሲቆረጥ ብቻ «ሥጋ» የሚሆነው ለምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር፣ የእሷ ሐዘን እኛን ስለሚያስጨንቀን ነው። «ተመስገን በይ» የምንለው ለእሷ ሳይሆን የራሳችንን ጭንቀት ለማሳጠር ነው።

ጡቷን የወሰደው ማን ነው?

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በኢትዮጵያ ከ16,000 በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል፤ 9,000 ገደማ ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ታካሚዎቻችን ደግሞ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ታካሚዎች ይልቅ በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ውስጥ ያሉት ብዙ ናቸው። ልጅ የሚያሳድጉ፣ ገና የሚያገቡ፣ ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች ናቸው።

ጡትን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ብቸኛው መንገድ አይደለም። አሜሪካዊው በርናርድ ፊሸርና ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ፣ ሁለቱም በየፊናቸው፣ የሃያ ዓመት ክትትላቸውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። በጊዜ ለተገኘ ካንሰር ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት፣ በሕይወት በመቆየት ረገድ ሙሉ ጡት ከማንሳት አያንስም። ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ መገኘት፣ ጨረሩም በጊዜ መድረስ። በእኛ አገር አብዛኞቹ ሴቶች ሆስፒታል የሚደርሱት ዕጢው ካደገ በኋላ ነው። ጨረሩ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር። አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ሁሉ ታካሚ ግን ገና አይበቃም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ሙሉውን ያነሳል። ባለው ሁኔታ ልክ ነው፤ እሱን አልወቅስም።

ግን ነገሩን በስሙ እንጥራው። የብዙዎችን ጡት የወሰደው ካንሰሩ ብቻ አይደለም። ወረፋውም ወስዷል፤ የመንገዱ ርቀትም ወስዷል፤ በጊዜ ያልተደረገ ምርመራም ወስዷል። «ዋናው ነፍስሽ መትረፉ ነው» ሲባል ይህም አብሮ ይሸፈናል። ሴትዮዋ ለተረፈላት ነፍስ አመስግና ስትጨርስ፣ ሊተርፍ ይችል ስለነበረው ጡቷ የሚጠይቅላት አይኖርም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለውስ? አብዛኛውን ጊዜ ከጡቱ ጋር የብብት ንፍፊቶች አብረው ይወጣሉ። በዚያ ምክንያት ክንድ ሊያብጥ ይችላል፤ አንዳንዴ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ። «ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ እጅሽ እንዳይቆረጥ፣ እንዳይቃጠል» ተብላ ትሸኛለች። ምክሩ ልክ ነው። ግን ይህቺ ሴት እንጀራ የምትጋግር፣ ጀሪካን የምታነሳ፣ ልጅ የምታዝል፣ ምናልባትም በዚያው ክንዷ ልብስ አጥባ የምትተዳደር ናት። ምጣድ አጠገብ የማይቃጠል እጅ የማን ነው? ክንዷ ሲያብጥ የሚታመመው ክንዷ ብቻ አይደለም። በቤቷ ውስጥ የነበራት ቦታም አብሮ ይታመማል። «ምን እሠራለሁ እኔ? ለማንም ሸክም ሆንኩ» የሚለው ሐሳብ የሚገባው በዚህ በር ነው።

የሌለ ጡቷ ይበላታል፤ አንዳንዴም ይጠዘጥዛታል። ይህ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ እግራቸው የተቆረጠ ሰዎችም የሌለ እግራቸው ያማቸዋል። ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም። ስለዚህ «እያበድኩ ነው እንዴ?» ብላ ትፈራለች፤ ለሰው ለመናገር ደግሞ ታፍራለች። ቀጠሮ ሲደርስ እንቅልፍ የለም። ወገቧን ባመማት ቁጥር «ተመልሶ መጣ» ትላለች። ለካንሰሩ ሆርሞን የሚታዘዘው ታሞክሲፈን የሚባለው ኪኒን ለአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ለአሥር ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ትኩሳት ሽው ያደርጋታል፣ ሌሊት በላብ ያነቃታል። አልጋ ላይ ጀርባዋን ትሰጣለች፤ ባልም እንዴት እንደሚጠይቅ አያውቅም። እሱ ዝም ያለው ላለማስከፋት ነው፤ እሷ ዝምታውን የምትተረጉመው «ተጸየፈኝ» ብላ ነው። አንዳንዱ ባል በእርግጥም ይሄዳል። ያልሄደውም ቢሆን በምን ቃል መጀመር እንዳለበት ያስተማረው የለም።

ይህ ሁሉ ሲጠራቀም ድባቴ ይሆናል። እሷ ግን «ድባቴ ያዘኝ» አትልም። «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ዝሏል፣ ሰው ማየት አስጠላኝ፣ ምነው በወሰደኝ» ትላለች። ተመላላሽ ክፍል ገብታ «ያቃጥለኛል» ስትል ማስታገሻ ይጻፍላታል። «የኬሞው ነው፣ ይተውሻል» ትባላለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ተረት አለን። እሷ አልደበቀችም፤ በምታውቀው ቋንቋ ተናግራለች። የሰማት ነው የጠፋው።

«መጀመሪያ አካሉ ይዳን»

የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «መድኃኒት በሌለበት፣ የጨረር ወረፋ ባልተፈታበት አገር ስለ ስሜት ታወራለህ? መጀመሪያ አካሉ ይዳን እንጂ!» ይባላል። ለዚህ ሁለት መልስ አለኝ።

የመጀመሪያው፦ አካሉና ልቡ በተለያየ ቀን አይታመሙም፤ በተለያየ ቀንም አይድኑም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ የሮቢን ዲማቴዮና የባልደረቦቿ ሥራ እንዳሳየው፣ ድባቴ ያለባቸው ሕሙማን የታዘዘላቸውን ሕክምና ያለመከተል ዕድላቸው ድባቴ ከሌለባቸው በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ይህንን ወደ እኛ ሴት አምጡት። ለዓመታት በየቀኑ ኪኒን መዋጥ አለባት። ከገጠር ተነስታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ዘመድ ቤት አድራ ቀጠሮ መድረስ አለባት። «ምነው በወሰደኝ» የምትል ሴት ይህን ሁሉ ለምን ብላ ታደርጋለች? ቀጠሮዋን ስትቀር መዝገቡ ላይ «ጠፍታለች» ተብሎ ይጻፋል። አልጠፋችም። ቤቷ ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ለቀዶ ጥገናው፣ ለኬሞው፣ ለኪኒኑ የወጣው ገንዘብ ሁሉ እዚያ አልጋ ላይ ይባክናል። ቁጠባ ለሚወድም ይህ ሊገባው ይገባል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ሁለቱ ክፍሎች ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ነው። ታሞክሲፈን ኃይሉን የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ተለውጦ ነው። ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን የሚባሉት የድባቴ መድኃኒቶች ደግሞ ይህን ለውጥ የሚያካሂደውን ኢንዛይም ያዳክሙታል። ስለዚህ ታሞክሲፈን ለምትወስድ ሴት ሌላ የድባቴ መድኃኒት እንዲመረጥ ይመከራል፤ የሚመርጧቸው ሌሎች አሉ። ፍሉኦክሴቲን ግን በአገራችን ለድባቴ በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ነው። አንዲት ሴት የካንሰር ክትትሏን በአንድ ሆስፒታል፣ የጭንቀቷን ሕክምና በሌላ ቦታ ብታደርግ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ማን ነው? ልብን ከአካል ለይቶ ማየት እንዲህ ያለ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው መልሴ ግን ከዚህ ይጠነክራል፦ ልቧ መታከም ያለበት አካሏን ስለሚጠቅም ብቻ አይደለም። በአንድ ወቅት የካንሰር ታካሚዎች በቡድን ተሰብስበው ሐዘናቸውን ቢያወሩ ዕድሜያቸው ይረዝማል የሚል ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በካናዳዊቷ ሐኪም ፓሜላ ጉድዊን መሪነት የታተመ ትልቅ ጥናት የተስፋፋ የጡት ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ ይህንን ፈተሸ። ዕድሜ አላረዘመም። ነገር ግን ጭንቀታቸው ቀለለ፣ የሕመም ስሜታቸውም ቀነሰ። «እንግዲያው ዋጋ የለውም» የሚል ካለ፣ የምሟገተው በትክክል ከእሱ ጋር ነው። ዕድሜ ካልጨመረ ዋጋ የለውም የሚለው ሐሳብ ያው «ዋናው ነፍስሽ መትረፉ ነው» የሚለው ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሶ መጣ እንጂ አልተለወጠም። ሳታለቅስ የምታድርበት አንድ ሌሊት ለራሱ ዋጋ አለው።

«ባለሙያውስ ከየት ይመጣል?» እሺ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ለዘመናት ስሙ የሚነሳው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ «አማኑኤል ልኳት» መባሉ ራሱ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። ታዲያ ሁሉም ነገር የሥነ አእምሮ ሐኪም ይጠብቃል ያለው ማነው? በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ የጀመሩትን እንይ። የሥነ አእምሮ ሐኪም የሌላቸውን ጤና ጣቢያዎች ይዘው፣ የሰፈር አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰውን ጭንቀት ይሰማሉ፤ ችግሩን ለይቶ አንድ በአንድ እንዲፈታ ያግዙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት በእጅጉ ያነሰ ነበር። እኛ ዘንድ እድር አለ፣ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ ቡና አፍልቶ ሰው የሚሰማ እናት በየሰፈሩ ሞልቷል። የጎደለን ሰው አይደለም። «ይህም ሕክምና ነው» ብሎ ያዘዘ ነው የጎደለን።

«የፈረንጅ ነገር ነው»፣ «እግዜር ያውቃል»

ሌላው ተቃውሞ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ልቅምቅምነት ነው» የሚለው ነው። ፈረንጆቹም ግን ይህን በልግስና አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አንዲት ሴት ለናሙና ተብላ ማደንዘዣ ይሰጣትና፣ እዚያው እንደተኛች ካንሰር ከሆነ ጡቷ ይነሳ ነበር፤ ስትነቃ ነው የምታውቀው። ጋዜጠኛዋ ሮዝ ኩሽነር እ.ኤ.አ. በ1974 ዕጢ ሲገኝባት በዚህ አልስማማም አለች። ናሙናው ለብቻው ተወስዶ፣ ነቅቼ፣ ሰምቼ፣ ራሴ ልወስን ብላ ተከራከረች፤ ለሌሎችም ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1979 የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ሁለቱ እንዲለያዩ መከሩ። ገጣሚዋ ኦድሪ ሎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው የካንሰር ማስታወሻዋ ላይ እንደጻፈችው፣ ሰው ሠራሽ ጡት ሳታደርግ ወደ ሐኪሟ ብትሄድ ነርሷ «ለቢሮው ሞራል ጥሩ አይደለም» ብላ ገሥጻታለች። የሎርድ ቁጣ ግልጽ ነበር፦ ሁላችንም ከደበቅነው እርስ በርስ እንዴት እንተዋወቃለን? እነዚህ ሴቶች የተጋፈጡት ያንኑ «ዝም በይ» ነው። ታግለው ነው ያስቀየሩት።

«እግዜር ያውቃል፣ ጸሎት ይበቃል» ለሚሉት ደግሞ በአክብሮት እናገራለሁ። ጠበል ሄደው፣ ዱዓ አድርገው ብርታት ያገኙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ያንን የሚነጥቅ የለም። ግን ሃይማኖቱ ራሱ ማልቀስን መቼ ከለከለ? የኢዮብ ወዳጆች ሊያጽናኑት መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩትም። መልካም የሠሩት ያኔ ነበር። ያጠፉት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። በእስልምናም ነቢዩ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው እንባ ማፍሰሱ የታወቀ ነው፤ ሶብር ማለት እንባ መከልከል አይደለም። ምስጋና ከልብ ሲወጣ ጸሎት ነው። በሌላ ሰው ሲታዘዝ ግን አፍ መዝጊያ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ሰማይ የራቀ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ለሴትዮዋ ራሷ ይነገራት። በር ተዘግቶ፣ ተቀምጣ፣ የመረጠችው ሰው አጠገቧ ሆኖ። ምን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚቀር፣ ጠባሳው የት እንደሚሆን በሥዕል ይታያት። የሌለ ጡት ሊያማት እንደሚችል፣ ክንዷ ሊያብጥ እንደሚችል ቀድማ ትወቅ። መርዶ ለመንገር ንጋትን የሚመርጥ ሕዝብ ለዚህ ሃያ ደቂቃ ያጣል አትበሉኝ።

ሁለተኛ፣ ይህን መንገድ ያለፈች ሴት ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ትጎብኛት። በአሜሪካ ቴሬስ ላሰር የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1952 ጡቷ ከተነሳ በኋላ ይህንኑ የጀመረችው ለብቻዋ ነበር። በእኛም አገር ሐዘን ተቋም ሊሆን እንደሚችል ታይቷል፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ልጃቸው በካንሰር በሞተባቸው ወላጆች ነው። ሆስፒታሎች እንዲህ ላሉ ማኅበራት አንድ ክፍልና አንድ ቋሚ ቀን ይስጡ።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ትጠየቅ። ድባቴን ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ በአገራችን ተመራማሪዎች ተተርጉሞ ተፈትሿል። ነርስ በደቂቃዎች ውስጥ ትጨርሰዋለች። ደም ግፊት ሳይለካ የማይታለፈውን ያህል ይህም ሳይጠየቅ አይታለፍ። በዘጠነኛው ጥያቄ ላይ «መሞት ያምረኛል» ያለች ሴት ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ትድረስ፤ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አይሰጣት።

አራተኛ፣ ባል ይጠራ። ከሐኪም ፊት አንድ ጊዜ ተቀምጦ «ጠባሳዋን ማየት አትፍራ፤ ጠይቃት» መባል ብቻ ብዙ ትዳር ይጠብቃል።

አምስተኛ፣ ሰው ሠራሽ ጡት የፈለገች ታግኝ። ጥጥና ጨርቅ ጠቅልላ በመርፌ ቁልፍ የምታያይዝ ሴት፣ ስትጎነበስ ይወድቅብኝ ይሆን ብላ ገበያ መሄድ ትተዋለች። የሲሊኮኑ ዋጋ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ በጨርቅ የሚሰፋው የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። የጤና መድን ቁስል ማሰሪያ ከሸፈነ ይህንንም ይሸፍን። ያልፈለገች ደግሞ ያለ ምንም ደረቷን ይዛ ትሂድ፤ ማንም «ሸፍኚው» አይበላት።

የቀረው የእኛ ነው፣ የጠያቂዎቹ። ልትጠይቋት ስትሄዱ «ተመስገን በይ» የምትለዋን ቃል ለራሷ ተዉላት፤ በፈለገች ቀን እሷው ትበለው። እናንተ «እንዴት ነሽ?» በሉና መልሱን ጠብቁ። ዝም ካለች አብራችሁ ዝም በሉ። ካለቀሰች «ኧረ አይባልም» አትበሏት። ስትወጡ ደግሞ ጀሪካኑን ሞልታችሁ፣ እንጀራውን ጋግራችሁ ውጡ፤ ያቺ ክንድ ሸክም አይመቻትም።

ዘንድሮም ጥቅምት ሲመጣ ሮዝ ሪባን ይታሰራል፣ የእግር ጉዞ ይደረጋል፣ «ጡትሽን ፈትሺ» ይባላል። ጥሩ ነው፤ ይባል። ግን ሴቶችን ፈትሹ ማለታችን ካልቀረ ሆስፒታሎቹንም በዚያው ቀን እንፈትሻቸው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ባለፈው ዓመት ጡታቸውን ካነሳችሁላቸው ሴቶች ውስጥ ለስንቶቹ «ልብሽስ እንዴት ነው?» አላችኋቸው? ቁጥሩን መዝገባችሁ ላይ አሳዩን።